ደወሉ በጮኸ ቁጥር

በልጅነቴ ከኖርኩባቸው ቤቶች ሁሉ የምወደው ሆቴሉን ነበር። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ፊቱ ይጠቁራል፤ አልፈርድበትም። እዚያ ሆቴል የገባነው ቤታችን ስለተቃጠለ ነው።

እኔ ግን ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ቤቱ ሲቃጠልም አላየሁም። የዚያን ዕለት አክስቴ ጄሲ ዘንድ ነበርኩ። ቤታችን አመድ ሆነ ሲሉኝ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ የማውቀው አመድ አባዬ ጠዋት ጠዋት ከምድጃው በባልዲ አውጥቶ በረዶው ላይ የሚበትነውን ነው፤ ቤት የሚያህል ነገር እንዴት አድርጎ ባልዲ ውስጥ እንደሚገባ ማሰብ አቃተኝ።

አባቴ ሙርዶክ ማክኒል ካናዳ፣ ኬፕ ብሬተን በምትባል ደሴት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ከምድር ሆድ ከሚያወጡት ሰዎች አንዱ ነበር። የሠራተኞቹ ማኅበር ሌላ ቤት እስኪገኝልን ወደቡ አጠገብ ያለ ሆቴል አስገባን። ኮሪደሩ ቀይ ምንጣፍ ነበረው። ሳሙናው እንደ ከረሜላ በወረቀት ተጠቅልሎ ይመጣል። ሙቅ ውሃ እስኪሰለችሽ ይፈሳል። ጠዋት ወደ ምግብ ቤቱ ስንወርድ የተጠበሰ ዳቦ ጨርቅ በለበሰ ቅርጫት ይቀርባል፤ ሳህኑንም የሚያጥብ ሌላ ሰው ነው። እማዬ እጆቿ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው ስለነበር፣ ሳህን እንዳታጥብ ታስቦላት ነው ሆቴል የገባነው ብዬ አምን ነበር። ምድጃው አቃጥሏት ነው ብለውኛል። እጇ የተቃጠለው ጎረቤቶች ጎትተው እስኪያስቀሯት ድረስ የጋለውን የመኝታ ቤት በር ስትታገል መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ወንድሜስ? ወንድሜ ሮሪ ስምንት ወሩ ነበር፤ ከታች ሁለት ጥርስ አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል።

"ሮሪ ሀሊፋክስ ነው" አለችኝ አክስቴ ጄሲ። "ትልቁ ሆስፒታል። ጭስ ገብቶበት ነው።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"አሁን ዝም በይና ኮፍያሽን አድርጊ።"

ከዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ቀን፣ ፊልም ቤት ወሰደችኝ። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር ጓንት አድርጋ ነበር። አንድ ውሻ የፖሊስ ባርኔጣ ነጥቆ ከተማውን ሲያስሮጥ የሚያሳይ ፊልም ነው። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ አክስቴ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች። ለፖሊሱ አዝና መስሎኝ፣ "አይዞሽ፣ ኋላ ይመልስለታል" እያልኩ ጉልበቷን መታ መታ አደርጋት ነበር። በዚያው ሰዓት ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ምን ይደረግ እንደነበር አሁን አውቃለሁ። አክስቴ የወንድሟን ልጅ ቀብር ትታ ፊልም ቤት የተቀመጠችው፣ ከእኔ ጋር አንድ ሰው መቀመጥ ስለነበረበት ነው። እናቴ ቃሉን ከአፏ ማውጣት አልቻለችም፤ እሷ እስክትችል ደግሞ ማንም እንዳይነግረኝ አባቴ ለምኖ ነበር።

የሆቴሉ የእሳት ደወል መጀመሪያ የጮኸው ቁርስ ላይ ነው።

ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ ነበር። ሰዎቹ ማንኪያ እንደያዙ ተያዩ። እማዬ ስትነሣ ወንበሯ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ሁሉም ወደ በሩ ሲያይ እሷ ወደ ደረጃው ሮጠች፤ ወደ ላይ። አባዬ፣ "ኤፊ! ኤፊ!" እያለ ተከተላት።

"ተረጋጉ፣ ተረጋጉ! በፊት ለፊቱ በር ውጡ፣ አትጋፉ!" ይላል ሥራ አስኪያጁ አቶ ቡድሮ፣ ከሁሉ ይልቅ ራሱ ሳይረጋጋ። አንዲት አሮጊት እጄን ይዛ አወጣችኝ። ወይዘሮ ክላራ ትባላለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የበረዶውን ወራት እዚያ ሆቴል የምታሳልፍ ሴት ናት። ቤቷ ለአንድ ሰው አይሞቅም፣ እንደምትለው።

ውጪ ሰዎች በነጠላ ጫማ በረዶ ላይ ቆመው እግራቸውን ይመታሉ። ከዚያ እማዬ ወጣች። ኮት አልደረበችም። በሰማያዊ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ በፋሻ የታሰረ መዳፏ የጥቅሉን አናት ደግፎታል። አባዬ ከኋላዋ እየመጣ የራሱን ኮት ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት።

ሮሪ መጥቷል! ሮጥኩ። አባዬ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

"ቆይ፣ ፍሎራዬ። ቆይ።"

"ልየው! አንዴ ብቻ!"

አባዬ እማዬን አያት። "ተኝቷል" አለኝ።

ለምን እንደዚያ እንዳለ ኋላ ነግሮኛል። ፊቷን ሲያይ ሌላ ቃል አልመጣለትም። ያንን ነገር ከእቅፏ ቢነጥቃት እዚያው በረዶው ላይ የምትወድቅ መስሎት ነበር።

"ውይ፣ የኔ ጌታ! ስንት ወሩ ነው?" አለች ወይዘሮ ክላራ።

"ስምንት" አለች እማዬ። ስንት ቀን ሙሉ "እህ" እና "አይ" ብቻ የምትል እናቴ፣ ያንን ቃል ጥርት አድርጋ ተናገረችው።

"ብርዱን ተጠንቀቂ፤ ራሱን ሸፍኚው።"

"ሸፍኜዋለሁ።"

እሳት አልነበረም። ግቡ ተባልን። እኔን ለወይዘሮ ክላራ ሰጥተውኝ ቀድመው ወደ ክፍላችን ወጡ፤ ክፍሉ ስደርስ አልጋው ተነጥፏል፣ ትራሶቹ በቦታቸው ናቸው፣ ብርድ ልብሱ ታጥፏል። ሮሪ የለም። ጥያቄ ልጀምር ስል የእማዬን ጀርባ አየሁና ዝም አልኩ።

ብቻዬን ሆኜ አሰብኩት። ታች በሩ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ አለ፤ ማንበብ ችዬ ስለነበር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። "እንስሳት ማስገባት አይቻልም" ይላል። በዚያ ሳምንት አንድ ሰውዬ ውሻ ይዞ መጥቶ አቶ ቡድሮ መልሶታል። ውሻ የማይፈቀድ ከሆነ፣ ሲያለቅስ ከውሻ የሚብስ ሮሪም አይፈቀድማ! ስለዚህ ደብቀውታል። የት? ክፍላችን ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ ትልቅ ቁም ሣጥን ነበር፤ የምንሰቅለው ልብስ ስላልነበረን ማንም አይከፍተውም። አፌን ከስንጥቁ አስጠግቼ፣ "ሮሪ፣ እኔ ነኝ። ለማንም አልናገርም" አልኩት። ከቁርሴ የደበቅኳትን ዳቦ ከበሩ ሥር አስቀመጥኩለት።

ጠዋት ዳቦዋ አልነበረችም። በልቷል ብዬ ተደሰትኩ። ያነሣው ለካ አባዬ ነው። እንዳትራብ ፈርታ ነው ምግብ የምትደብቀው ብሎ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋዬ አጠገብ ብስኩት ያስቀምጥልኝ ጀመር። እሱም እኔን ሳይረዳኝ ነው የሰነበተው።

ደወሉ በማግስቱ ቀትር ላይ ደግሞ ጮኸ። እማዬ እንደገና ወደ ላይ ሮጠች፤ እንደገና ጥቅሏን አቅፋ ወጣች። ወይዘሮ ክላራ ደረጃው ይከብዳትና ገና እየወረደች ነበር። በዚህኛው ጊዜ ሰዉ ሁሉ ተናዷል። አጥንት የሚሰብር ብርድ ነበር፤ አንዱ ዕቃ ሻጭ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ግማሽ ጺሙን ተላጭቶ ወጥቶ ነበር።

"ወገኖቼ" አለ አቶ ቡድሮ፣ "ጣሪያው አፍስሶ ላይኛው ፎቅ ያለው ሽቦ ውስጥ ውሃ ገብቷል። ጠጋኙ የሚመጣው ከሀሊፋክስ ነው፣ መንገዱን ደግሞ በረዶ ዘግቶታል። እሱ እስኪደርስ ድረስ አጠፋዋለሁ።"

ሰዉ አጨበጨበ።

"እግዜር ይስጥህ! ጆሮዬ ሊደነቁር ነው" አለ ሻጩ።

"አይጠፋም" አለ አባቴ።

"ምን አልክ?"

"አይጠፋም አልኩ።"

"አቶ ማክኒል፣ በውሸት እኮ ነው የሚጮኸው" አለ አቶ ቡድሮ።

"ይጩህ።"

"አንተ ሰውዬ፣ በጤናህ ነህ?" አለ ሻጩ። "እይ እስቲ ይሄ ሁሉ ሰው በረዶ ላይ ሲጨፍር! ማን ሾመህ? የሆቴሉ ባለቤት ነህ?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ በሰው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ ያኔም አላደረገም። ይልቁን ሰው ሁሉ ለመስማት ወደሱ ዘንበል እስኪል ድረስ ዝቅ አደረገው።

"የእኔም ቤት የጭስ ደወል በውሸት ነበር የሚጮኸው። ዓሣ ሲጠበስ ይጮሃል። ዳቦ ሲሞቅ ይጮሃል። ወንበር ላይ ወጣሁና የባትሪውን ድንጋይ አወጣሁት። በዚህ እጄ። ማንም አይደለም፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት።"

የሻጩ አረፋ ጉንጩ ላይ እየደረቀ ነበር። እማዬ አፏን ከፈተች። የሆነ ነገር ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ዘጋችውና ጥቅሏን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋች።

ያንን የባትሪ ድንጋይ አውቀዋለሁ። የወጥ ቤታችን መስኮት ላይ፣ ከልብስ መቆንጠጫዎቹ ጋር ተቀምጦ አይቼዋለሁ። እንዲህ ያለ ተራ ነገር በሰው ፊት ምን ያስወራል ብዬ አፈርኩበት።

አቶ ቡድሮ ኮፍያውን አወለቀ። "እሺ፣ አቶ ማክኒል። አላጠፋውም።"

"ቁልፍህን ስጠኝ" አለው አባዬ። "በጮኸ ቁጥር እያንዳንዱን ክፍል ዞሬ አያለሁ። ሰዎቹ ብርድ ላይ እንዳይቆዩ።"

ሻጩ ሲገባ የአባቴን ክንድ ነካ አድርጎ አለፈ።

ከዚያ በኋላ አባዬ የቁልፉን ዘለላ ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ኮሪደሩን ይመላለስ ጀመር። እያንዳንዱ በር ላይ መዳፉን ያሳርፋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በሩ ግሎ እንደሆነ እየዳሰሰ ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ የተቀጠረ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ከኋላው እከተለዋለሁ።

"አባቴን ሆቴሉ ቀጠረው" አልኳት ወይዘሮ ክላራን።

"እሰይ! ጎበዝ አባት ነው ያለሽ" አለችኝ። እንግዳ መቀበያው አጠገብ፣ ማሞቂያው ሥር ተቀምጣ በቢጫ ክር ኮፍያ ትሠራለች። "እስቲ ጉልበትሽን አምጪ። የስምንት ወር ልጅ ራስ ይሄን ያህል ይሆናል?"

"የሮሪ ይበልጣል። ራሱ ትልቅ ነው፣ እማዬ ዱባ ነው የምትለው።"

"እንግዲያው እጨምርበታለሁ።" ሳቀች። "እናትሽ በዚህ ብርድ ልጁን ያለ ኮፍያ ይዛው ስትወጣ አንጀቴን በላችኝ።"

"ለአቶ ቡድሮ እንዳትነግሪው፣ እሺ?"

"ምኑን?"

"ኮፍያው የማን እንደሆነ።"

"አፌን ዘግቻለሁ" አለችኝና አፏን በክሩ የምትሰፋ መሰለች።

ለሦስተኛ ጊዜ የጮኸው በሻይ ሰዓት ነው። አባዬ ቁልፎቹን እያንቃጨለ ሲወጣ፣ እኔ ከወይዘሮ ክላራ ጋር በበሩ ወጣሁ። እማዬ መጣች። በዚህኛው ጊዜ አልሮጠችም፤ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንዳይነቃባት እንደምትጠነቀቅ እናት ነው የወረደችው። በረዶው ቆሞ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጥቅሉን ወዲህና ወዲያ ታወዛውዘዋለች።

ወይዘሮ ክላራ ኮፍያዋን ከኪሷ አወጣች። "እስቲ የኔ ልጅ፣ ስጦታ አለኝ። እንዳልቀሰቅሰው፣ በቀስታ ነው" አለችና የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረገችው።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

ከሷ ክንድ በታች ሆኜ አየሁት። ትራስ ነው። የሆቴሉ ስም ጠርዙ ላይ የተጠለፈበት ነጭ ትራስ።

ወይዘሮ ክላራ እናቴን አየቻት፤ እናቴም አየቻት። አሮጊቷ ብርድ ልብሱን መልሳ ሸፈነችው። ኮፍያዋን ላዩ ላይ አኖረችና በሁለት እጇ ዳር ዳሩን ጠቀጠቀችው። "ይተኛ" አለች። "ይተኛ፣ የኔ ልጅ።"

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው። እማዬ ቸኩላ ተሳስታለች! ትራሱን ይዛ ሮሪን ቁም ሣጥን ውስጥ ትታዋለች! ደወሉ ይጮሃል፤ ትልልቆቹ ሰዎች ቆመው ይተያያሉ፤ ማንም አይንቀሳቀስም። ከእጃቸው አምልጬ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። አቶ ቡድሮ ጮኸብኝ። ደረጃውን በአራት እግሬ ነው የወጣሁት። ክፍላችን ክፍት ነበር። የቁም ሣጥኑን እጀታ ይዤ በሙሉ ክብደቴ ጎተትኩት።

ባዶ መስቀያዎች ተጋጭተው ተንቃጨሉ። ሌላ ምንም የለም።

አባዬ ሲደርስ ውስጡ ገብቼ የኋላ ግድግዳውን በቡጢ እመታ ነበር። "ሮሪ! ሮሪ!" እላለሁ። ቁልፎቹን ጣላቸው። ወገቤን ይዞ አወጣኝና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ እኔን ጭኑ ላይ።

"ረስታችሁታል!" እለዋለሁ። "እሳት አለ፣ እናንተ ረስታችሁታል!"

"ፍሎራዬ። እዚህ የለም።"

"ሀሊፋክስ ነው?"

ደወሉ መጮኹን አላቆመም፤ አፉን ጆሮዬ ላይ አድርጎ ነው የተናገረው። "ሀሊፋክስም የለም። ሞቷል፣ የኔ እመቤት። ቤታችን የተቃጠለ ቀን ነው የሞተው። ቀብረነዋል።"

አላለቀስኩም። የማውቀው ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ሲለዋወጥ ይታወቀኝ ነበር፤ ዳቦዋ፣ የአክስቴ ጥቁር ጓንት፣ በፋሻ የታሰሩት እጆች።

"ነቅቶ ነበር?" አልኩት። ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣብኝ ዛሬም አላውቅም። "እሳቱ ሲመጣ ነቅቶ ነበር?"

አባዬ ዐይኔን እያየ፣ "አልነቃም" አለ። "ተኝቶ ነበር። እንደተኛ ነው።"

ያኔ ነው እማዬን በሩ ላይ ያየኋት። ትራሱን ይዛለች። የአባዬን ቃል ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደወሉ በድንገት ተቋረጠ።

"እኔ ነኝ አውጣው ያልኩህ" አለች እማዬ ለግድግዳው። "ልጁ ሊተኛ አልቻለም፣ ይሄን ርጉም ነገር አውጣልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ። ወንበሩን ያቀረብኩልህም እኔ ነኝ። ለምንድን ነው ለሰው ሁሉ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ የምትለው?"

"ኤፊ፣ ተይው።"

"አልተውም! የእኔንም ተሸክመህ የት ልትደርስ ነው?" መጥታ ደረቱን በፋሻ በታሰሩ እጆቿ ትመታው ጀመር። እሱ አልተከላከለም። የሚጣሉ መስሎኝ መሐላቸው ገብቼ እጇን ያዝኩ። ሦስታችንም ምንጣፉ ላይ ወደቅን፤ እናቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። ጥል እንዳልነበረ የገባኝ፣ እኔው ራሴ ባል አግብቼ፣ ሰው በክንዱ ውስጥ ያለውን ሌላ ሰው ለምን እንደሚመታ ሳውቅ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ጠጋኙ መጥቶ ሽቦውን ቀየረው። እኛም ብዙ ሳንቆይ ሌላ ቤት ገባን። በዚያው ሰሞን ወላጆቼ እጄን ግራና ቀኝ ይዘው መቃብሩን አሳዩኝ። በረዶው ገና አልቀለጠም ነበር፤ አባዬ በእጁ ጠርጎ ስሙን አስነበበኝ። እናቴ ከዚያ በኋላ ረጅም ዕድሜ ኖረች፤ ሳቀችም፣ ሌላ ልጅ ግን አልወለደችም። ከመሞቷ በፊትም በመሐላቸው ስለዚያ ቀን ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

አባቴ የታመመው ባለፈው መኸር ነው። የከሰሉ ትቢያ ሳንባውን ጨርሶት ነበር፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ትራሱን ከፍ ሳደርግለት ክንዴን ያዘኝ።

"ፍሎራ። ያኔ ሆቴሉ ውስጥ … የነገርኩሽ …"

"ነግረኸኛል፣ አባዬ። አልነቃም ብለኸኛል።"

"እናትሽ … ከሰል ልታመጣ ወጥታ … ስትመለስ ከውጭ … ድምፁን …"

የቀረውን ሊነግረኝ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ይዞት የኖረውን፣ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችበትን። የእኔ ፊት ላይ ምን እንዳየ አላውቅም። ጎንበስ ብዬ አፌን ጆሮው ላይ አደረግኩ።

"አልነቃም" አልኩት። "ተኝቶ ነበር። እንደተኛ ነው።"

ክንዴን የያዘው እጁ ቀስ በቀስ ላላ።

"አዎ" አለኝ። "አልነቃም።"